የአሴታቡለም ስብራት፦ ከፊት ወይስ ከኋላ? የቀዶ ጥገና መንገዶች ንጽጽርና አሠራር

የአሴታቡለም (የጭን አጥንት ራስ የሚቀመጥበት የዳሌ ጎድጓዳ) ስብራት ቀዶ ጥገና ግማሹ ሥራ የሚያልቀው በሽተኛው ጠረጴዛ ላይ ሳይወጣ ነው። በሆዱ በተኛ ሰው ላይ የፊቱን ዓምድ ማየት አይቻልም፤ በጀርባው በተኛ ሰው ላይ ደግሞ የኋላውን ግድግዳ ማየት አይቻልም። መንገዱ ከተሳሳተ ቁስሉን ዘግቶ፣ በሽተኛውን ገልብጦ፣ እንደገና አጥቦና ሸፍኖ መጀመር ነው፤ ሰዓቱም ደሙም በከንቱ ይሄዳል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለኦርቶፔዲክስ ሬዚደንቶችና ይህን ቀዶ ጥገና አዘውትረው ለማይሠሩ ስፔሻሊስቶች ነው። ስብራቱን ከማንበብ ተነስተን እያንዳንዱ መንገድ ምን እንደሚያሳይ፣ ክላምፕ (ስብራቱን ነክሶ የሚይዝ መሣሪያ) እና ፕሌት (አጥንቱን የሚያስር ብረት) የት እንደሚያስቀምጥና ምን እንደሚያስከፍል እናያለን።

አጥንቱን ማንበብ

የጭን አጥንት ራስ የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ የሚሸከሙት ሁለት ዓምዶች ናቸው፤ ከጎን ሲታዩ አንድ ላይ “ለ” ፊደልን ይመስላሉ። ረጅሙ እግር የፊት ዓምድ ነው፤ ከዳሌው ጫፍ ተነስቶ እስከ ፒዩቢክ ሲምፊሲስ (ሁለቱ የዳሌ አጥንቶች ከፊት እስከሚገናኙበት) ይወርዳል። አጭሩ የኋላ ዓምድ ከትልቁ ሳያቲክ ኖች (በዳሌ አጥንት የኋላ ጠርዝ ላይ ካለው ትልቅ ስርጉድ) ተነስቶ እስከ መቀመጫ አጥንት ይደርሳል። ጣሪያው፣ ማለትም ክብደት የሚሸከመው ክፍል፣ ሁለቱ እግሮች በሚገናኙበት ስር ይገኛል። ከውስጥ በኩል ጎድጓዳውን ከዳሌ ክፍተት የሚለየው ስስ አጥንት ኳድሪላተራል ገጽ ይባላል።

ፈረንሳውያኑ ዡዴና ሌቱርኔል እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጡት አከፋፈል እስከ ዛሬ ይሠራበታል። አምስት ቀላል ዓይነቶች አሉት፦ የኋላ ግድግዳ (የጎድጓዳው የኋላ ጠርዝ)፣ የኋላ ዓምድ፣ የፊት ግድግዳ፣ የፊት ዓምድና አግድም ስብራት። አምስት ድብልቅ ዓይነቶችም አሉት፦ የኋላ ዓምድ ከኋላ ግድግዳ ጋር፣ አግድም ከኋላ ግድግዳ ጋር፣ የቲ ቅርጽ፣ የፊት ዓምድ ከኋላ ግማሽ አግድም ጋር፣ እንዲሁም የሁለቱም ዓምዶች ስብራት። የመጨረሻው ከሌሎቹ የሚለየው ከጎድጓዳው አንዲት ቁራጭ እንኳ ከአከርካሪው ጋር ከተያያዘው የዳሌ አጥንት ጋር ተያይዛ በማትቀርበት ጊዜ ነው። ሁለቱም ዓምዶች የተሰነጠቁበት ስብራት ሁሉ የዚህ ዓይነት እንዳልሆነ ይያዝ፤ አግድም ስብራትም ሁለቱንም ዓምዶች ይቆርጣል፣ ጣሪያው ግን ከላይኛው አጥንት ጋር ይቀራል።

ሦስት ኤክስሬይ ያስፈልጋል፦ የፊት ለፊት እና ሁለት 45 ዲግሪ የተዘነበሉ። የተጎዳው ጎን ከፍ ሲል የሚነሳው ኦብቱሬተር ኦብሊክ የፊት ዓምድንና የኋላ ግድግዳን ያሳያል። ጤነኛው ጎን ከፍ ሲል የሚነሳው ኢሊያክ ኦብሊክ የኋላ ዓምድንና የፊት ግድግዳን ያሳያል። በፊት ለፊቱ ላይ በተለይ ሁለት መስመሮችን በጣት ይከተሉ፦ ኢሊዮፔክቲኒያል መስመር ከተቋረጠ የፊት ዓምድ ተነክቷል፤ ኢሊዮኢስኪያል መስመር ከተቋረጠ የኋላው ተነክቷል። ሲቲ ስካን ካለ ቁርጥራጩን፣ በመገጣጠሚያው ውስጥ የቀረ ስባሪን እና ወደ ውስጥ የተጨፈለቀ ልም አጥንትን ያሳያል። ሲቲ ስካን አለ ተብሎ የተዘነበሉት ኤክስሬዮች መቅረት የለባቸውም፤ በቀዶ ጥገናው መካከል በሲ አርም (በቀዶ ጥገና ክፍሉ ውስጥ ባለው ተንቀሳቃሽ ኤክስሬይ) የሚታየው ምስል እነሱን እንጂ ሲቲውን አይመስልም።

ከቀዶ ጥገና በፊት የሚሠራው

መገጣጠሚያው ወልቆ ከሆነ ይህ ድንገተኛ ጉዳይ ነው። በ6 ሰዓት ውስጥ በሰመመን ወደ ቦታው ይመለስ፤ በዘገየ ቁጥር ደም ያጣው የጭን አጥንት ራስ የመሞት ዕድሉ ይጨምራል። ከመመለሱ በፊትም በኋላም የሳያቲክ ነርቭ (ከዳሌው ኋላ ወደ እግር የሚወርደው ትልቅ ነርቭ) ሥራ ተፈትሾ በካርዱ ላይ ይጻፍ፦ ቁርጭምጭሚትንና አውራ ጣትን ወደ ላይ ማንሳት፣ ወደ ታች መግፋት፣ የእግር መዳፍና ጀርባ ስሜት። ይህ ካልተጻፈ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የታየ የእግር መውደቅ የአደጋው ይሁን የቢላዋው ማንም ሊናገር አይችልም።

የጭኑ ራስ ተመልሶ የማይረጋ ከሆነ ወይም ከጣሪያው ስብራት ጋር እየተፋተገ ከሆነ በጭን አጥንት ታችኛ ጫፍ ላይ ፒን ገብቶ ትራክሽን (በክብደት መጎተት) ይደረግ። ፒኑን በትሮካንተር (በጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ ውጫዊ ጉብታ) ላይ ማስገባት አይገባም፤ ቁስሉ ወደፊት ለሚደረገው ቀዶ ጥገና የኢንፌክሽን በር ይሆናል። ቆዳው ከስሩ ካለው ሽፋን ተላቅቆ ደም ያቆረበት እብጠት ካለ (ሞረል ላቫሌ የሚባለው) አስቀድሞ ይታከም፤ በላዩ መቁረጥ ኢንፌክሽን መጋበዝ ነው። የደም መርጋት መከላከያ፣ ኩላሊቱ ደህና ከሆነ ኢኖክሳፓሪን 40 ሚ.ግ. በቀን አንዴ፣ ደም መፍሰሱ እንደቆመ ይጀመርና ከቀዶ ጥገናው 12 ሰዓት በፊት ይቁም።

ቀዶ ጥገና የማያስፈልገው ማን ነው? መንሸራተቱ ከ2 ሚ.ሜ. በታች የሆነ፤ የስብራቱ መስመር ከጣሪያው ርቆ በሦስቱም ኤክስሬይ ላይ የጣሪያ ቅስት ማዕዘን (ከጭኑ ራስ መሃል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ በሚሄድ መስመርና ወደ ስብራቱ በሚሄድ መስመር መካከል ያለው) ከ45 ዲግሪ በላይ የሆነ፤ በሲቲ ላይ ደግሞ የጣሪያው ላይኛ 10 ሚ.ሜ. ንጹሕ የሆነ፤ ይህም ሁሉ ያለ ትራክሽን የጭኑ ራስ በጎድጓዳው ስር በደንብ ሲቀመጥ ነው። ይህ ማዕዘን ለኋላ ግድግዳና ለሁለቱም ዓምዶች ስብራት አይሠራም። የተሰበረው የኋላ ግድግዳ ክፍል ከ20 በመቶ በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይረጋል፤ ከ40 እስከ 50 በመቶ ካለፈ አይረጋም። በመካከል ያለው በሰመመን ይፈተሽ፦ ዳሌው 90 ዲግሪ ታጥፎ፣ ትንሽ ወደ መሃል ተጠግቶና ወደ ውስጥ ዞሮ በጭኑ ርዝመት ሲገፋ፣ የጭኑ ራስ በሲ አርም ላይ ከቦታው ሲንሸራተት ከታየ ቀዶ ጥገና ይሠራለታል።

የቀዶ ጥገናው ጊዜ ከጉዳቱ በኋላ ከ3ኛው እስከ 10ኛው ቀን ቢሆን ይመረጣል። ከሁለት ሳምንት በኋላ እየከበደ ይሄዳል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠባሳውና አዲሱ አጥንት ስብራቱን ስለሚሸፍኑት በተለመደው መንገድ በትክክል መግጠም አስቸጋሪ ነው። በእኛ አገር ብዙ ሰው መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ደርሶ፣ ታሽቶና ታስሮ የሚመጣው ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ የጉዳቱ ቀን የመጀመሪያው ጥያቄ ይሁን፤ የመንገዱን ምርጫ ይቀይራል።

አራቱ ጥያቄዎች

ስሙን ከሰጡ በኋላ መንገዱን ለመምረጥ አራት ነገር ይጠይቁ። በዋነኛነት የተንሸራተተው የትኛው ዓምድ ነው? ክላምፑ የት ላይ ቢነክስ ነው ወደ ቦታው የሚመልሰው? ፕሌቱ የት ላይ ቢያርፍ ነው የሚገፋውን ኃይል የሚቋቋመው? ይህን ለማግኘት የሚከፈለው ደም፣ ነርቭና ጡንቻ ምን ያህል ነው? ብዙ መጻሕፍት የስብራቱን ስም ከመንገዱ ስም ጋር በሠንጠረዥ ያገናኛሉ። ሠንጠረዡ ለቀላል ዓይነቶች ይሠራል፤ አግድምና የቲ ቅርጽ ላይ ግን ከሁለተኛው ጥያቄ በቀር የሚያድን የለም። ግጥሙ ከ0 እስከ 1 ሚ.ሜ. ከሆነ ጥሩ ነው፤ 2 እና 3 ሚ.ሜ. ጉድለት ነው፤ ከዚያ በላይ መገጣጠሚያው ቶሎ ይበላል። ሌላው ሁሉ፣ የቁስሉ ማነስም የፕሌቱ ማማርም፣ ከዚህ በታች ነው።

ከኋላ፦ ኮኸር ላንገንቤክ

የሚያሳየው የኋላ ግድግዳን፣ የኋላ ዓምድን በሙሉና የጎድጓዳውን ውስጥ ነው። ኳድሪላተራል ገጹ በዓይን አይታይም፣ በትልቁ ሳያቲክ ኖች ጣት አስገብቶ ብቻ ይዳሰሳል። ለኋላ ግድግዳ፣ ለኋላ ዓምድ፣ ለሁለቱ ጥምር፣ አግድም ከኋላ ግድግዳ ጋር ለሆነና ከኋላ ይበልጥ ለተንሸራተቱ አግድምና የቲ ቅርጽ ስብራቶች ዋናው መንገድ ይኸው ነው።

1. አቀማመጥ። ለግድግዳ ብቻ በጎን ማስተኛት ይበቃል። አግድም ስብራት ካለበት በሆድ ይተኛ፤ በጎን ሲተኛ የእግሩ ክብደት የጭኑን ራስ ወደ ውስጥ እየገፋ ስብራቱን ያንሸራትታል። በየትኛውም አቀማመጥ ጉልበቱ ቢያንስ 80 ዲግሪ ታጥፎ፣ ዳሌው ተዘርግቶ ይቆይ፤ ሳያቲክ ነርቭን የሚያላላው ይህ ነው። ጉልበቱን በቀዶ ጥገናው ሁሉ የሚጠብቅ አንድ ሰው ይመደብ።

2. መቆረጫ። ከትልቁ ትሮካንተር ጫፍ ወደ ኋላኛው ላይኛ የዳሌ ጉብታ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ከጉብታው 5 ሴ.ሜ. ገደማ ሲቀረው ይቁም። ወደ ታች በጭኑ ርዝመት ከ10 እስከ 15 ሴ.ሜ. ይቀጥላል። ፋሺያ ላታ ይከፈታል፤ ግሉቲየስ ማክሲመስ በክሮቹ አቅጣጫ በጣት ይከፈላል። የሚያቋርጥ የመጀመሪያው ነርቭ ሲገኝ ይቁም፤ ማለፍ የጡንቻውን ላይኛ ክፍል ያሽመደምደዋል።

3. ነርቩን ማግኘት። ሳያቲክ ነርቭ በኳድራተስ ፌሞሪስ ጡንቻ ጀርባ ላይ ይፈለግ፤ አደጋው እዚያ ብዙም አይደርስምና የአካሉ ሥርዓት አልተበላሸም። ከዚያ ወደ ላይ እስከ ፒሪፎርሚስ ይከተሉት። በተሰበረው ግድግዳ አካባቢ መፈለግ መጀመር አደገኛ ነው፣ ነርቩ በስባሪው ላይ ተወጥሮ ወይም በደም ውስጥ ተደብቆ ሊሆን ይችላል።

4. አጫጭር ጡንቻዎቹን መቁረጥ። የፒሪፎርሚስ ጅማት፣ እንዲሁም የኦብቱሬተር ኢንተርነስ ጅማት ከሁለቱ ጄሜለስ ጋር፣ ከትሮካንተሩ 1.5 ሴ.ሜ. ርቀው በክር ይያዙና ይቆረጡ። የጭኑን ራስ የሚያጠጣው ሚዲያል ሰርከምፍሌክስ ደም ቅዳ ከማረፊያቸው አጠገብ ነው የሚያልፈው። ኳድራተስ ፌሞሪስ አይቆረጥም፤ ምክንያቱ ያው ደም ቅዳ ነው። ኦብቱሬተር ኢንተርነስ ወደ ኋላ ሲገለበጥ ወደ ትንሹ ሳያቲክ ኖች ይመራል፤ ሪትራክተሩ (ሥጋውን ወደ ጎን የሚይዘው ብረት) ከእሱ ስር ሲገባ ጡንቻው በብረቱና በነርቩ መካከል ይተኛል። ፒሪፎርሚስ ይህን ጥበቃ አይሰጥም፤ ነርቩ አብዛኛውን ጊዜ ከስሩ ነው የሚወጣው። ሪትራክተሩ ያለማቋረጥ አይጎተት፣ በየጊዜው ይላላ።

5. ግድግዳውን መክፈት። ቁራጩ ከካፕሱሉ (ከመገጣጠሚያው ሽፋን) ጋር እንደተያያዘ እንደ በር ይገለበጣል፤ ከካፕሱሉ የተላቀቀ ቁራጭ ደም አጥቶ ይሞታል። በትሮካንተሩ በኩል ወደ ጭኑ አንገት 5 ሚ.ሜ. ሻንዝ ፒን (ጥርስ ያለው ወፍራም ዘንግ) ተተክሎ ሲጎተት መገጣጠሚያው ይከፈታል፤ ስባሪው ሁሉ ታጥቦ ይወጣል። ሲቲው ላይ የተቆጠሩት ቁርጥራጮች እዚህም ይቆጠሩ።

6. የተጨፈለቀውን ማንሳት። ከግድግዳው ጠርዝ ወደ ውስጥ የተቀበረ ልም አጥንት ካለ፣ በስሩ ካለው ለስላሳ አጥንት ጋር በኦስቲዮቶም (በአጥንት መሮ) ይነሳል። መለኪያው የጭኑ ራስ ነው፤ ልም አጥንቱ በላዩ እስኪተኛ ድረስ ይነሳል። ከስሩ የቀረው ባዶ ቦታ ከትሮካንተሩ በተወሰደ ለስላሳ አጥንት ይሞላል። ይህ ደረጃ ከተዘለለ ግድግዳው በኤክስሬይ ላይ ያምራል፣ መገጣጠሚያው ግን አይረጋም።

7. ማሰር። ቁራጩ በኪርሽነር ሽቦ ለጊዜው ይያዛል፤ ቦታ ከፈቀደ 2.7 ወይም 3.5 ሚ.ሜ. ላግ ስክሩ ይገባል፤ ከዚያ ከመቀመጫ አጥንቱ እስከ ጎድጓዳው በላይ የሚደርስ 3.5 ሚ.ሜ. ሪኮንስትራክሽን ፕሌት፣ ብዙ ጊዜ 7 ወይም 8 ቀዳዳ ያለው፣ በሁለቱም ጫፍ ቢያንስ ሁለት ሁለት ስክሩ ይዞ ይቀመጣል። ፕሌቱ ከአጥንቱ ቅስት ትንሽ ባነሰ መጠን ይታጠፍ፤ ስክሩ ሲጠብቅ ግድግዳውን ወደ ቦታው የሚጫነው ያኔ ነው። ከመጠን በላይ የታጠፈ ፕሌት መሃሉ ከአጥንቱ ተነስቶ ይቀራል። ጠርዙ ላይ ላሉ ስስ ቁራጮች ስክሩ አይሆንም፤ የአንድ ሦስተኛ ቱቡላር ፕሌት ጫፍ ተቆርጦና ተጣጥፎ እንደ መንጠቆ ከዋናው ፕሌት ስር ይገባል። መንጠቆው የጭኑን ራስ እንዳይነካ ይታይ።

የኋላ ዓምድ ተሰብሮ ከሆነ ዓምዱ ከግድግዳው በፊት ይገጠማል። ዓምዱ የሚዞር ነገር ስለሆነ በመቀመጫ አጥንቱ ላይ የተተከለ ሻንዝ ፒን መዞሩን ይቆጣጠራል፤ ከስብራቱ ግራና ቀኝ በገቡ ሁለት ስክሩዎች ላይ የሚነክስ ክላምፕ ያጠጋዋል። በኋላ በኩል ያማረ ግጥም ከውስጥ አፉን ከፍቶ ሊቀር ስለሚችል ኳድሪላተራል ገጹ ሁልጊዜ በጣት ይዳሰስ።

ክፍያው ሦስት ነው፦ የሳያቲክ ነርቭ ጉዳት (በተለይ የፔሮኒያል ክፍሉ)፣ ያለቦታው የሚበቅል አጥንትና የላይኛው ግሉቲያል ደም ቅዳ መድማት። ደም ቅዳው በትልቁ ሳያቲክ ኖች ጠርዝ ላይ ከተቀደደ ወዲያው በጎዝ ይታፈን፤ ሳያዩ ክሊፕ መንከስ አብሮት የሚሄደውን ነርቭ ይገድላል። ወደ ዳሌ ውስጥ ከሸሸ ከፊት ገብቶ የውስጥ ኢሊያክ ደም ቅዳን ማሰር ወይም ኤምቦላይዜሽን (ደም ቅዳውን ከውስጥ መድፈን) ያስፈልጋል። ከመዘጋቱ በፊት የተቀጠቀጠ ግሉቲየስ ሚኒመስ ተቆርጦ ይውጣ፤ ያለቦታው የሚበቅለው አጥንት በብዛት መነሻው እሱ ነው።

ግድግዳው እስከ ጣሪያው በላይ ከወጣ፣ ወይም የጭኑ ራስ ራሱ ከተሰበረ፣ የትሮካንተር ኦስቲዮቶሚ ይጨመራል። 1.5 ሴ.ሜ. ውፍረት ያለው የትሮካንተር ቁራጭ ግሉቲየስ ሚዲየስንና ቫስተስ ላተራሊስን እንደያዘ ወደ ፊት ይገለበጣል፤ ካፕሱሉ ተከፍቶ የጭኑ ራስ ሆን ተብሎ ሲወልቅ የጎድጓዳው ውስጥ ዙሪያውን ይታያል። ሲያበቃ ቁራጩ በሁለት ስክሩ ይታሰራል። ደም ቅዳውን የሚጠብቁት አጫጭር ጡንቻዎች በዚህ አሠራር ሳይነኩ መቅረታቸው ትልቁ ጥቅሙ ነው።

ከፊት፦ ኢሊዮኢንጉዋይናል

ሌቱርኔል ያዳበረው ይህ መንገድ ከሳክሮኢሊያክ መገጣጠሚያ እስከ ሲምፊሲስ ያለውን የዳሌ ውስጣዊ ገጽ ይከፍታል። መገጣጠሚያው ራሱ ግን አይታይም። ግጥሙ የሚፈረደው በውጭ ባሉት የስብራት መስመሮች ነው። ለፊት ዓምድና ግድግዳ፣ ለሁለቱም ዓምዶች፣ የፊት ዓምድ ከኋላ ግማሽ አግድም ጋር ለሆነው ይጠቅማል።

በሽተኛው በጀርባው ይተኛል፤ የሽንት ካቴተር ይገባል። መቆረጫው ከሲምፊሲስ 2 ሴ.ሜ. በላይ ጀምሮ እስከ ፊተኛው ላይኛ የዳሌ ጉብታ ይሄድና በዳሌው ጫፍ ላይ ወደ ኋላ ይቀጥላል። ኤክስተርናል ኦብሊክ ሽፋን ተከፍቶ የዘር ገመዱ ወይም ራውንድ ሊጋመንት በላስቲክ ይያዛል። የብሽሽት ጅማት በርዝመቱ ይሰነጠቃል፤ በጉብታው አጠገብ የሚወጣው የጭን ጎን ቆዳ ነርቭ ይጠበቃል። ከዚያ ዋናው ቁርጥ ይመጣል፦ የፌሞራል ነርቭንና ኢሊዮሶዋስን ከደም ስሮቹ የሚለየው ኢሊዮፔክቲኒያል ፋሺያ እስከ ዳሌው ጠርዝ ድረስ ይቆረጣል። እሱ ካልተቆረጠ መስኮቶቹ አይከፈቱም።

መስኮቶቹ ሦስት ናቸው። የውጭው ከኢሊዮሶዋስ ውጭ ሆኖ የኢሊያክ ጉድጓዱን ያሳያል። የመካከለኛው በኢሊዮሶዋስና በኤክስተርናል ኢሊያክ ደም ስሮች መካከል ሆኖ የዳሌውን ጠርዝና የኳድሪላተራል ገጹን ላይኛ ክፍል ያሳያል። የውስጠኛው ከደም ስሮቹ ወደ መሃል ሆኖ ፒዩቢክ አጥንቱን ይከፍታል። ደም ስሮቹ ከሊምፍ ቧንቧዎቻቸው ጋር በአንድ ጥቅል ይያዙ፤ ፈልቅቆ ማራቆት እግሩን ያሳብጣል። ሪትራክተር በተቀየረ ቁጥር የደም ቅዳው ትርታ ይዳሰስ።

የግጥሙ ቅደም ተከተል ከዳር ወደ መሃል ነው። መጀመሪያ የዳሌው ጫፍ ስብራት ይገጠማል፣ ከዚያ የፊት ዓምድ ከጤነኛው አጥንት ጋር፣ በመጨረሻ የኋላ ዓምድ ከፊቱ ጋር። በዳሌው ጫፍ ላይ የታለፈች ትንሽ ስህተት መገጣጠሚያው ላይ ስትደርስ አድጋ ትገኛለች፤ ከሰዓታት ሥራ በኋላ አልገጥም ያለ የሁለቱም ዓምዶች ስብራት ሲያጋጥም ተመልሶ መፈተሽ ያለበት የመጀመሪያው ስክሩ ነው። ሲዘጋ የብሽሽቱ ወለል በደንብ ይሰፋ፤ ካልተሰፋ ቡአ ይከተላል።

ከፊት በውስጥ በኩል፦ የተሻሻለው ስቶፓ

የኢሊዮኢንጉዋይናልን የመካከለኛ መስኮት ያስቀረው ይህ መንገድ ነው። መነሻው ለቡአ ጥገና የተዘጋጀ አሠራር ሲሆን ሂርቬንሳሎና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ኮልና ቦልሆፍነር በ1994 ለዳሌና ለአሴታቡለም ስብራት አውለውታል። ኳድሪላተራል ገጹን በቀጥታ በዓይን ማሳየቱ ዋና ጥቅሙ ነው። የጭኑ ራስ ወደ ዳሌ ውስጥ ሰብሮ የገባበት ስብራት፣ በተለይ የአረጋውያን፣ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለውም ማለት ይቻላል።

በሽተኛው በጀርባው ይተኛል፤ የተጎዳው እግር ኢሊዮሶዋስንና ደም ስሮቹን እንዲያላላ ዳሌው ላይ ታጥፎ ከስሩ ድጋፍ ይደረግለታል። ቀዶ ሐኪሙ የሚቆመው ከተጎዳው ጎን በተቃራኒ ነው፤ ከዚያ ሆኖ ወደ ገጹ ፊት ለፊት ያያል። ከሲምፊሲስ 2 ሴ.ሜ. በላይ አግድም ተቆርጦ መሃለኛው ነጭ መስመር ወደ ላይና ወደ ታች ይከፈላል፤ ፔሪቶኒየም (የሆድ ዕቃ ሽፋን) አይከፈትም። የሽንት ፊኛው በጎዝ ተሸፍኖ ወደ ኋላ ይያዛል። የተጎዳው ጎን ሬክተስ ጡንቻ ከፒዩቢስ ኋላ በከፊል ይላቀቃል።

ቀጥሎ ኮሮና ሞርቲስ ይፈለጋል፤ የኦብቱሬተርን ደም ስሮች ከኤክስተርናል ኢሊያክ ወይም ከታችኛው ኤፒጋስትሪክ ጋር የሚያገናኝ ሲሆን በፒዩቢክ አጥንቱ ላይኛ ክንድ ጀርባ፣ ከሲምፊሲስ በአማካይ 6 ሴ.ሜ. ገደማ ላይ ይገኛል። ሁሉም ሰው ላይ ደም ቅዳ አይደለም፣ ደም መልስ ብቻ የሆነበትም ብዙ ነው። ታስሮ ይቆረጥ። ሳይታሰር ከተቀደደ ጫፉ ወደ ኦብቱሬተር ቀዳዳ ይሸሻል፤ ስያሜው “የሞት አክሊል” የሆነው በዚህ ነው። ከዚያ ፔሪዮስቲየም (የአጥንቱ ሽፋን) በዳሌው ጠርዝ ላይ ይነሳል፤ ኦብቱሬተር ነርቭ በገጹ ላይ ሲያልፍ ታይቶ በለስላሳ ሪትራክተር ይጠበቃል።

የጭኑ ራስ በትሮካንተሩ ውስጥ በገባ ሻንዝ ፒን ወደ ውጭ ይጎተታል፤ ኳድሪላተራል ገጹ ጫፉ ኳስ በሆነ መግፊያ ወደ ቦታው ይገፋል። ፕሌቱ ከዳሌው ጠርዝ ስር ቢቀመጥ ገጹን ከውስጥ ደግፎ የጭኑን ራስ ተመልሶ እንዳይገባ ይከለክለዋል። ስብራቱ ወደ ዳሌው ጫፍ ከወጣ የኢሊዮኢንጉዋይናል የውጭ መስኮት ብቻ ይጨመራል። ቀድሞ በዚያ አካባቢ የፕሮስቴት፣ የፊኛ ወይም በመረብ የተሠራ የቡአ ቀዶ ጥገና የነበረው ሰው ላይ ጠባሳው ፊኛውንና ደም መልሱን ስለሚያጣብቅ ይህ መንገድ ባይሞከር ይሻላል።

ኬልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ያስተዋወቁት ፓራሬክተስ በሬክተስ ጡንቻ ውጫዊ ጠርዝ ከፔሪቶኒየም ውጭ ይገባል። ከስቶፓ ይልቅ ወደ ጣሪያው በቀጥታ ስለሚያይ፣ በአረጋውያን ኤክስሬይ ላይ የባሕር ወፍ ክንፍ መስሎ የሚታየውን የጣሪያ መጨፍለቅ በስብራቱ ውስጥ አልፎ ለማንሳት ይመቻል። ፔሪቶኒየም ከተቀደደ እዚያው ይሰፋል። አጥንቱ በጣም የሳሳ፣ ጣሪያው የተፈረካከሰ ወይም የጭኑ ራስ የተጎዳ አረጋዊ ላይ ግን ዓምዶቹን አስሮ ወዲያው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ መግጠም ከሁለት ቀዶ ጥገና ያድናል።

ሰፊው መንገድ

ኤክስቴንድድ ኢሊዮፌሞራል የዳሌውን ውጫዊ ገጽ በሙሉ ይገልጣል፤ ሁለቱም ዓምዶች በአንድ መቆረጫ ይታያሉ። ዋጋው ከባድ ነው፦ የግሉቲየስ ጡንቻዎች ከቦታቸው ተነስተው በላይኛው ግሉቲያል ደም ቅዳ ብቻ ይንጠለጠላሉ፣ ያለቦታው የሚበቅለው አጥንት ከሁሉም መንገድ ይበልጣል፣ ዳሌን ወደ ጎን የማንሳት ኃይል ይዳከማል። ደም ቅዳው በስብራቱ ተጎድቶ ከሆነ ጡንቻው በሙሉ ሊሞት ይችላል። ዛሬ የሚቀረው ለጥቂቶች ነው፦ ጣሪያውን ለሚያቋርጥ የዘገየ አግድምና የቲ ስብራት፣ ከሦስት ሳምንት ላለፈ የሁለቱም ዓምዶች ስብራት። ለዘገየ በሽተኛ መገጣጠሚያው ቀድሞ ከተበላ፣ አጥንቱ እስኪደርቅ ጠብቆ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ መግጠምም በቁም ነገር የሚታይ አማራጭ ነው።

አከራካሪዎቹ

የኋላ ግድግዳ ያለበት ሁሉ ከኋላ ነው፤ ከፊት ሆኖ የኋላ ግድግዳን የሚያስር የለም። አንድ ልዩነት የሁለቱም ዓምዶች ስብራት ነው፤ እዚያ የኋላ ግድግዳው ቁራጭ ትልቅ ከሆነ ዓምዶቹ ከፊት ሲገጠሙ ብዙ ጊዜ አብሮ ይመለሳል። ሳይመለስ ከቀረ በሌላ ቀን ከኋላ ይገባል።

አግድም ስብራት የቱ ጋ ይበልጥ እንደተከፈተ ይታይ። ከኋላ ከሆነ ኮኸር ላንገንቤክ፣ በሆድ አስተኝቶ፤ የፊት ዓምዱ ከኋላ በሚገባ ረጅም ስክሩ ሊያዝ ይችላል። ከፊት ከሆነ ስቶፓ። በቲ ቅርጽ ላይ የታችኛው ክፍል ለሁለት ስለተሰነጠቀ አንዱን መጎተት ሌላውን አያመጣም። የሚመከረው ከኋላ ጀምሮ የኋላ ዓምዱን ማሰር፣ ከዚያ የፊቱ በኖቹ በኩል በክላምፕ ሊመጣ ይችል እንደሆነ መሞከር ነው። ሲታሰር ወደ ፊት ዓምድ የሚያልፍ ስክሩ አይግባ፤ ካልገጠመ የፊት ቁራጭ ላይ የገባ ስክሩ በኋላ ከፊት ሲገባ ማንቀሳቀሻ ያሳጣል። ይህ በተደጋጋሚ የሚታይ ስህተት ነው።

ሳይዘጋ፣ ከተዘጋም በኋላ

ዳሌው በሙሉ ዙር ይንቀሳቀስ፤ መፋጨት ከተሰማ ስክሩ ወደ መገጣጠሚያው ገብቷል። በሲ አርም እያንዳንዱ ስክሩ በርዝመቱ ወይም በጫፉ ትይዩ ታይቶ ከመገጣጠሚያው ውጭ መሆኑ ይረጋገጥ፤ በአንድ አቅጣጫ እንኳ ከውጭ የታየ ስክሩ ውጭ ነው፣ በሁሉም አቅጣጫ ውስጥ የሚመስል ግን ይቀየር።

ሴፋዞሊን 2 ግራም ከመቆረጡ በፊት በ60 ደቂቃ ውስጥ ይሰጣል፤ ቀዶ ጥገናው ከ4 ሰዓት ካለፈ ይደገማል። ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም መድማቱን ይቀንሳል። ከኋላ ወይም በሰፊው መንገድ ለተሠራ ያለቦታው ለሚበቅል አጥንት መከላከያ ኢንዶሜታሲን 25 ሚ.ግ. በቀን ሦስቴ ለ6 ሳምንት ከጨጓራ መከላከያ ጋር ይሰጣል፤ የጨረር ሕክምና ባለበት በ72 ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ 7 ግሬይ ይተካዋል። ረጅም አጥንትም ተሰብሮበት ከሆነ ኢንዶሜታሲን የዚያን አጥንት መግጠም ሊያዘገይ ስለሚችል ጨረሩ ይመረጣል። ከፊት ብቻ ለተሠራ ሰው መከላከያው አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም።

በማግስቱ በሽተኛው ይቀመጣል፤ በሁለት ክራንች ጣቱን መሬት እያስነካ ብቻ ይሄዳል፣ ከ8 እስከ 12 ሳምንት። ከኋላ የተሠራ ሰው ለ6 ሳምንት ዳሌውን ከ90 ዲግሪ በላይ አያጥፍ፤ ዝቅ ያለ ዱካ ላይ መቀመጥና ቁጢጥ ማለት ለዚህ ነው የሚከለከለው። ለቤተሰቡም በግልጽ ይነገር፣ አብዛኛው ቤት መቀመጫውም መጸዳጃውም ዝቅ ያለ ነውና። ሦስቱ ኤክስሬዮች በ6ኛ ሳምንት፣ በ12ኛ ሳምንት፣ በ6 ወርና በዓመት ይነሳሉ። የፔሮኒያል ነርቭ ጉዳት ካለ ቁርጭምጭሚቱ ወዲያው በድጋፍ ይያዝ፤ ነርቩ ሲመለስ ወራት ስለሚወስድ፣ እስከዚያ ሳይደገፍ የቆየ እግር ወደ ታች ደርቆ ይቀራል። የጭኑ ራስ በደም እጦት መሞት በኤክስሬይ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ወልቆ የነበረ በሽተኛ አዲስ የብሽሽት ሕመም ይዞ ከመጣ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ኤክስሬይ ይነሳ።